ከደሴ ሆኖ ለኤልሳት መዘጋጀት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ አካባቢ ተገናኝተን እናጠናለን። አራት አምስት ሰው ነን። አንዳንዶቻችን ፈተናውን ወስደናል፣ ሌሎቻችን እየተዘጋጀን ነው። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር የሚጠይቀው ነገር ተመሳሳይ ነው። በቴሌግራም የሚጠይቁኝም እንደዚያው። ስለዚህ የምመልሰውን እዚህ ሰብስቤ ጻፍኩት።

ኤልሳት ምንድን ነው? ማንን ነው የሚመለከተው?

አሜሪካ ውስጥ ሕግ ትምህርት ቤት ለመግባት የሚወሰድ ፈተና ነው። የካናዳ የሕግ ትምህርት ቤቶችም አብዛኞቹ ይጠይቁታል። የሚያዘጋጀው ኤልሳክ የሚባል ድርጅት ነው። እዚያ ሕግ እንደኛ ሀገር ከ12ኛ ክፍል በኋላ በቀጥታ አይጀመርም። አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ በሌላ ትምህርት ዲግሪ ይያዛል፣ ከዚያ ሦስት ዓመት ጄዲ የሚባለውን የሕግ ዲግሪ ይማራሉ። ዲግሪያችሁ የሒሳብ ይሁን የእርሻ ለውጥ የለውም። ፈተናውም የሕግ እውቀት አይጠይቅም።

ብዙ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በኤልሳት ፈንታ ጂአርኢ የሚባለውን ሌላ የመግቢያ ፈተና ይቀበላሉ። ጂአርኢ ግን ሒሳብ አለው። የምታመለክቱበትን ትምህርት ቤት ገጽ አይታችሁ ወስኑ።

ኤልኤልቢ (የመጀመሪያ የሕግ ዲግሪ) አለኝ። አሜሪካ ኤልኤልኤም (የሕግ ሁለተኛ ዲግሪ) መማር ነው የምፈልገው። ልፈተን?

አያስፈልጋችሁም። ይህን ጥያቄ ሁለተኛ ላይ ያመጣሁት ሆን ብዬ ነው። አንድ ልጅ ኤልኤልቢ ይዞ አራት ወር ሙሉ ለኤልሳት አጥንቶ መጣ። ምሽቱን ሁሉ ሠውቶ ነበር። ዕቅዱን ስንጠይቀው ኤልኤልኤም አለን። ያን ቀን እውነቱን መንገር ከበደኝ።

ኤልኤልኤም የመጀመሪያ የሕግ ዲግሪ ላለው ሰው የተዘጋጀ፣ ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት የሚፈጅ ትምህርት ነው። የሚጠይቁት የትምህርት ማስረጃ፣ የድጋፍ ደብዳቤ፣ የራስ መግለጫ ጽሑፍና እንደ ቶፍል ወይም አይኤልትስ ያለ የእንግሊዝኛ ፈተና ነው። ጊዜያችሁን እሱ ላይ አውሉት። ኤልኤልቢ ኖሯችሁ ከመጀመሪያው ጀምሮ ጄዲ ለመማር ከወሰናችሁ ግን ኤልሳት ይመለከታችኋል።

ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ለመግባትስ?

አይመለከትም። ሀገር ውስጥ ሕግ የሚገባው በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤትና በምደባ ነው። ሀገር ውስጥ ሁለተኛ ዲግሪ ለሚፈልግ ደግሞ ብሔራዊ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አለ፣ ብዙዎቻችን ጋት የምንለው። ከታች የምጽፈው የክርክር ልምምድ ለእሱም አይጎዳም።

ፈተናው ምን ምን አለው?

አራት ክፍል አለው፣ እያንዳንዱ 35 ደቂቃ። ሁለቱ ሎጂካል ሪዝኒንግ ናቸው፤ አጫጭር ክርክር ይሰጣችሁና ስለዚያ ክርክር ትጠየቃላችሁ። አንዱ የንባብ ክፍል ነው። የቀረው አንዱ ከሁለቱ ዓይነት የአንዱ ተጨማሪ ሲሆን ነጥብ የለውም፤ ኤልሳክ አዳዲስ ጥያቄዎችን የሚሞክርበት ነው። የትኛው እንደሆነ ግን አይነገራችሁም። ስለዚህ አራቱንም ከልብ ሥሩ። ከሁለተኛው ክፍል በኋላ 10 ደቂቃ ዕረፍት አለ።

ከዚህ ተለይቶ የሚወሰድ የጽሑፍ ክፍልም አለ። ነጥብ አይሰጠውም፣ ትምህርት ቤቶቹ ግን ያዩታል።

ውጤቱ ከ120 እስከ 180 ነው። የተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀንስም። ስለዚህ አንድም ጥያቄ ባዶ አትተዉ። ሰዓት ሲያልቅባችሁ የቀረውን ሁሉ አንድ ፊደል ሙሉበት።

አጎቴ ከአሜሪካ ያመጣልኝ ወፍራም መጽሐፍ አለ። በእሱ ላጥና?

መጀመሪያ የታተመበትን ዓመት እዩ። በፈረንጆቹ እስከ 2024 አጋማሽ ድረስ ሎጂክ ጌምስ የሚባል ክፍል ነበር። ሰዎችን ወንበር ላይ መደርደር፣ ማን ከማን ቀጥሎ ይቀመጣል የሚል ዓይነት። ከኦገስት 2024 ጀምሮ ቀርቷል። በቴሌግራም የሚዞሩት ፒዲኤፎች አብዛኞቹ ከዚያ በፊት የነበሩ ናቸው። የጌም ምዕራፎቹን ዝለሉና ሌላውን ተጠቀሙ። የክርክሩና የንባቡ ክፍል በመሠረቱ አልተለወጠም።

በትምህርቴ ጎበዝ ነበርኩ። የመጀመሪያው ልምምድ ውጤቴ ግን አስደነገጠኝ። ምን ሆኜ ነው?

ምንም አልሆናችሁም። እኔ የመጀመሪያውን ሙሉ ፈተና ስሠራ ያገኘሁት 141 ነበር። ከክፍል አንደኛ እየወጣሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ የተሸለምነው ስላስታወስን ነው። ደብተሩን የሸመደደ አንደኛ ይወጣል። ኤልሳት ላይ የሚሸመደድ ነገር የለም። አንቀጽ አይጠየቅም፣ ትርጉም አይጠየቅም። የሚጠየቀው አንድ ሰው የደረሰበት መደምደሚያ ካቀረበው ማስረጃ በእርግጥ ይወጣል ወይ የሚለው ነው። ይሄ ደግሞ እንደ እጅ ሥራ ነው። እየሠሩ፣ እያበላሹ፣ ያበላሹትን እየፈቱ ነው የሚለመደው።

ስለዚህ የጥናቱ ዋና ሰዓት ጥያቄ የምትሠሩበት ሰዓት አይደለም። የተሳሳታችሁትን የምትመረምሩበት ነው። በቀን አንድ ሙሉ ፈተና እየሠራ መልሱን አይቶ የሚያልፍ ሰው አውቃለሁ። ሁለት ወር ሙሉ ውጤቱ ከቦታው አልተነቃነቀም። እኔን የለወጠኝ ሌላ ነው። 25 ጥያቄ እሠራለሁ። ስሠራ የተጠራጠርኩትን ሁሉ ምልክት አደርግበታለሁ። ሲያልቅ መልሱን አላይም። መጀመሪያ ምልክት ያደረግሁባቸውን ያለ ሰዓት እንደገና እሠራለሁ። ከዚያ በኋላ ነው መልሱን የማየው።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ስህተት ይለያል። ያለ ሰዓት ስሠራው ያገኘሁት ከሆነ ችግሩ ፍጥነት ነው። ያለ ሰዓትም ከሳትኩት ነገሩ አልገባኝም ማለት ነው። የሁለቱ መድኃኒት አንድ አይደለም።

ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ስህተት ደብተር ላይ ሁለት ነገር እጽፋለሁ። ትክክለኛው ለምን ትክክል ሆነ? እኔ የመረጥኩትስ ለምን አማለለኝ? ሁለተኛው ይበልጣል። ከአንድ ወር በኋላ ደብተሬን ሳገላብጠው ተመሳሳይ ወጥመድ አሥራ አምስት ጊዜ ገብቼበታለሁ። ማስረጃው «አንዳንድ» እያለ መልሱ «ሁሉም» ሲል ሳላስተውል አልፈዋለሁ። ያን ካወቅሁ በኋላ ዓይኔ በራሱ ይይዘው ጀመር።

ክርክሩን እንዴት ነው የማነበው?

መደምደሚያውን ፈልጉ። ይህ ሰው ምን እንዳምን ነው የሚፈልገው? ከዚያ ማስረጃውን። ከዚያ በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት። የመልስ አማራጮቹን ከዚህ በፊት አትዩ። ከትክክለኛው በቀር ሁሉም የተጻፉት ሊያሳስቷችሁ ነው።

የኛን መንገድ ልውሰድ። «ሐረጎ ላይ ጭጋግ ከወረደ ከኮምቦልቻ የሚመጣው ሚኒባስ ይዘገያል። ዛሬ ሚኒባሱ ዘግይቷል። ስለዚህ ሐረጎ ላይ ጭጋግ ወርዷል።» ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ግን ሚኒባሱ ጎማ ፈንድቶበት ሊሆን ይችላል። ተሳፋሪ እስኪሞላ ቆሞም ሊሆን ይችላል። ጭጋግ ለመዘግየቱ በቂ ምክንያት ነው እንጂ ብቸኛው ምክንያት ነው አልተባለም። ከተሰጠን ነገር በእርግጠኝነት የሚወጣው ተገላቢጦሹ ነው፦ ሚኒባሱ በሰዓቱ ከደረሰ ጭጋግ አልነበረም። ኤልሳት ይህንኑ ስህተት ስለ ዳይኖሰርና ስለ ሥዕል ገበያ እያደረገ ደጋግሞ ያመጣዋል።

ሌላው በብዛት የሚመጣው የምክንያትና ውጤት ነገር ነው። አንድ ካፌ የማኪያቶ ዋጋ ከጨመረ ወዲህ ደንበኛው በዛ እንበል። ባለቤቱ «ሰው ውድ ነገር ስለሚወድ ነው» ብሎ ደመደመ። ይህን ክርክር የሚያዳክመው የትኛው ነው ብትባሉ፣ «በዚያው ሳምንት ጎረቤቱ ያለው ካፌ ተዘግቷል» የሚለውን ትፈልጋላችሁ። ሌላ ምክንያት አመጣ ማለት ነው። ክርክሩን አጠናክሩ ከተባላችሁ ደግሞ ሌላውን ምክንያት የሚዘጋ ነገር ትፈልጋላችሁ።

አያቶቻችን በላ ልበልሃ ብለው ሲሟገቱ ጎበዙ ተሟጋች ባላጋራው የተናገረውን ብቻ አይሰማም። ሳይናገር የዘለለውን ይይዛል። እኔ የክርክር ክፍሉን የወደድኩት ይህን ያሰብኩ ቀን ነው። የባዕድ ነገር መሆኑ ቀረልኝ።

በአማርኛ እያሰብኩ በእንግሊዝኛ መፈተን አይጎዳኝም?

ክርክሩን በአማርኛ ማሰብ አይጎዳም። የስህተት ደብተሬን የምጽፈው በአማርኛ ነው። በራሴ ቋንቋ ማስረዳት ካልቻልኩ አልገባኝም ማለት ነው። ነገር ግን ጥቂት ቃላት ላይ አማርኛችን ያሳስታል። እነሱን ለይታችሁ አጥኑ።

መጀመሪያ «ሁሉም»። በአማርኛ «ሁሉም ተማሪዎች አልመጡም» ስንል አንድም አልመጣም ማለታችን ሊሆን ይችላል። የመጡም ያልመጡም አሉ ማለታችንም ሊሆን ይችላል። በአነጋገራችን እንለየዋለን። በእንግሊዝኛው ፈተና ላይ «ኖት ኦል» ማለት ቢያንስ አንድ ያልመጣ አለ ማለት ብቻ ነው። አንድም አልመጣም ለማለት ሌላ ቃል አላቸው። እኔ በዚህ ስንት ነጥብ እንደጣልኩ!

ቀጥሎ «ሰም»፣ የኛ «አንዳንድ»። እኛ «አንዳንዶቹ መጡ» ስንል የቀሩ አሉ ማለታችን ነው። ፈተናው ላይ ግን «ሰም» ማለት ቢያንስ አንድ ማለት ነው፤ ሁሉም ሊሆኑም ይችላሉ። «ሞስት» ደግሞ ከግማሽ በላይ ነው፣ እሱም እስከ ሁሉም ድረስ ይሄዳል።

«አንለስ» ብዙዎችን ያስፈራል። በአማርኛ ስታስቡት ግን ቀላል ነው፦ «ፓስፖርት ካልያዘ በስተቀር አይገባም»። ከገባ ፓስፖርት ይዟል። ፓስፖርት የያዘ ሁሉ ይገባል ግን አልተባለም። «ኦንሊ ኢፍ»ም የዚሁ ወንድም ነው። «ፓስፖርት የያዘ ብቻ ይገባል» በሉት።

እነዚህን በትንሽ ካርድ ጽፋችሁ ኪሳችሁ ያዙ። ከዚህ ፈተና ሽምደዳ የሚፈቀደው ይቺ ብቻ ናት።

የንባብ ክፍሉ ከብዶኛል። እንግሊዝኛዬ ነው ችግሩ?

በከፊል አዎ። ይህን መሸፋፈን አልፈልግም። አራት ጽሑፍ ይመጣል፦ ከሕግ፣ ከሳይንስ፣ ከማኅበራዊ ሳይንስ፣ ከሥነ ጥበብና ሥነ ጽሑፍ። ከአራቱ አንዱ ሁለት አጫጭር ጽሑፎች ጎን ለጎን የቀረቡበት ነው። ለአንዱ ከነጥያቄው የሚደርሳችሁ ዘጠኝ ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

በየቀኑ ረጅም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አንብቡ። የምትወዱትን ሳይሆን የሚሰለቻችሁን። እኔ ስለ ዓለት አፈጣጠር አነብ ነበር። መዝገበ ቃላት አትክፈቱ፤ ቃሉን ከዙሪያው ገምቱት፣ ፈተና ላይ መዝገበ ቃላት የለም። እያንዳንዱን አንቀጽ ስትጨርሱ ቆም በሉና «ጸሐፊው ይህን ለምን አስገባው?» በሉ። ዝርዝሩን ለማስታወስ አትድከሙ፣ ጽሑፉ ፊታችሁ ነው። የጸሐፊውን አቋም ግን ያዙ። ያደንቃል? ይጠራጠራል? በግማሽ ይስማማል? ብዙ ጥያቄ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ስንት ወር ያስፈልገኛል?

ከሦስት እስከ ስድስት ወር የሚሉ ብዙ ናቸው። እየሠራ ለሚማርና እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ብቻ ላገኘ ሰው ከስድስት ወር በላይ ቢያስብ ይሻላል። እኔ ስምንት ወር ፈጅቶብኛል። በመጨረሻ ያገኘሁት 157 ነው።

ቀን ሁለት ሰዓት ከእሑድ አሥር ሰዓት ይሻላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ሰዓት አትያዙ። በትክክል መሥራት ሲለመድ ፍጥነቱ ይከተላል። ቀድሞ የሚሮጥ ስህተቱን ነው የሚያፈጥነው። በመጨረሻው ወር በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ሙሉ ፈተና በሰዓት ሥሩ። ከዚያ በላይ አያስፈልግም፣ ለመመርመር ጊዜ አታገኙም።

ሰዓት አይበቃኝም። ምን ላድርግ?

አንዱ የክርክር ክፍል 25 ገደማ ጥያቄ አለው። ለአንዱ አንድ ደቂቃ ተኩል አይሞላም። ሁሉም እኩል ነጥብ ነው ያላቸው። አንድ ጥያቄ ላይ እልህ ተጋብታችሁ አራት ደቂቃ ብትጨርሱ ከኋላ ሁለት ቀላል ጥያቄ ታጣላችሁ። ምልክት አድርጋችሁ እለፉ፣ በኋላ ተመለሱ። ይሄ ለጎበዝ ተማሪ ከባድ ነው፣ ማለፍ ሽንፈት ይመስለዋል። እሱንም ተለማመዱት።

መብራትና ኢንተርኔት እያስቸገረኝ እንዴት ላጥና?

የኤልሳክ የልምምድ መድረክ ሎውሀብ ይባላል። በነፃ ተመዝግባችሁ ጥቂት ሙሉ ፈተናዎችን ታገኛላችሁ። በክፍያ ደግሞ ከ50 በላይ የቆዩ ፈተናዎች ይከፈታሉ። እኔ ከሁሉ በፊት ገንዘቤን የማወጣው እዚህ ላይ ነው። ውድ ኮርስ ያለ እውነተኛ ጥያቄ ዋጋ የለውም። ሌሎች ድርጅቶች ራሳቸው የሚጽፏቸው ጥያቄዎች አብዛኛውን ጊዜ ደረጃቸው ያንሳል። ለክፍያው ውጭ ሀገር የሚሠራ ካርድ ያስፈልጋል፤ ባንካችሁን ጠይቁ፣ ወይም ውጭ ያለ ዘመድ ይክፈልላችሁ።

ልምምዱ ኢንተርኔት ላይ ስለሆነ መብራት ሲሄድ ቀኑ እንዳይባክን አስቀድሞ ማሰብ ነው። ስልካችሁና ፓወር ባንካችሁ ቻርጅ ይኑራቸው። የስህተት ደብተር መብራት አይፈልግም። እኔ መብራት የሚጠፋበትን ምሽት ለደብተሩ ሰጥቼው ነበር፣ በሻማም ሠርቻለሁ።

ቦታን በተመለከተ፣ ቤት ውስጥ እንግዳ ለሚበዛበት ሰው ጠዋት ይሻላል። ደሴ ጠዋት ይበርዳል፣ ጋቢ ደርቡ። 12 ሰዓት ላይ ግን ማንም አይጠራችሁም። ለቤተሰብም ንገሩ። እናቴ ነገሩን ካወቀች በኋላ እስክጨርስ ቡና አታፈላም ነበር።

የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ብቻዬን ይሆናል?

ይሆናል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በወር አንድ ሁለት ቅዳሜ መምጣት የሚችሉም አሉን። በስልክም መሥራት ይቻላል። ከአንድ ሰው ጋር አንድ ዓይነት ጥያቄ ሥሩና መልሱን ሳታዩ ተከራከሩበት። የሚያሳምናችሁ ሰው ማግኘት ከብዙ ቪዲዮ ይበልጣል።

ፈተናው የሚሰጠው የት ነው? ከቤት መፈተን ይቻላል?

ለጥቂት ዓመታት ከቤት በኮምፒውተር መፈተን ይቻል ነበር። ኤልሳክ ግን ከኦገስት 2026 ጀምሮ ፈተናው በዋናነት በፈተና ጣቢያ በአካል እንደሚሰጥ አስታውቋል። ከቤት መፈተን ለተወሰኑ ምክንያቶች ብቻ የሚፈቀድ ይሆናል። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት የጣቢያዎቹን ዝርዝር እዩ። ጉዞና ማደሪያን በወጪያችሁ ውስጥ አስገቡ። አዲስ አበባ ብቻ እንኳ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የምትጓዙ ከሆነ በዋዜማው ሳይሆን ሁለት ቀን ቀድማችሁ ግቡ።

ሁለት ነገር አደራ። አንደኛ ስም። ስትመዘገቡ ስማችሁን ፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ጻፉ። የአባትና የአያት ስም ቦታ ቢቀያየር፣ አንድ ፊደል ቢጎድል በር ላይ ያስቸግራል። የፓስፖርቱንም ማብቂያ ቀን እዩ።

ሁለተኛ ሰዓት። ቀጠሮው የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓትና ቀን ነው። 13:00 ካለ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። 9:00 ካለ ከጠዋቱ 3 ሰዓት። የየትኛው ሀገር ሰዓት እንደሆነም አረጋግጡ። የኛ ቡድን ውስጥ ቀጠሮውን በኢትዮጵያ ሰዓት አንብቦ ሊያመልጠው የነበረ አለ። አሁን ሁላችንም ቀጠሮውን በሁለቱም አቆጣጠር ወረቀት ላይ ጽፈን ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን።

ብወድቅስ?

ኤልሳት ማለፊያና መውደቂያ የለውም። ቁጥር ነው የሚሰጣችሁ፣ ትምህርት ቤቱ ያየዋል። ትምህርት ቤቶች ደግሞ የገቡ ተማሪዎቻቸውን መካከለኛ ውጤት በየዓመቱ ይፋ ያደርጋሉ። ግባችሁን ከዚያ ተነሥታችሁ ቁረጡ እንጂ 180 እያላችሁ ራሳችሁን አታስጨንቁ። ለነፃ ትምህርት ዕድል ግን ሁለት ሦስት ነጥብ እንኳ ትልቅ ልዩነት ሊያመጣ ይችላል።

ደግሞ መፈተን ይቻላል። በአምስት ዓመት ውስጥ እስከ አምስት ጊዜ፣ በጠቅላላው ሰባት ጊዜ። ሆኖም የምዝገባ ክፍያው ለኛ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ልምምድ ላይ በተከታታይ ሦስት ፈተና የምትፈልጉትን ቁጥር ሳታገኙ አትመዝገቡ። የመጀመሪያ ውጤቱ ዝቅ ብሎ ድጋሚ የምትሄዱ ከሆነ፣ አዲስ መጽሐፍ ከመግዛታችሁ በፊት የድሮውን የስህተት ደብተር ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራችሁ አንብቡት።